የቆመች መኪና ሙግት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። ከሐኪም ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ወይም ከአንድ ስኒ ቡና ወጥታችሁ ወደ መኪናችሁ ስትመለሱ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ተሸጉጣ ስለምትጠብቃችሁ ወረቀት። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መኪና የያዘ ሁሉ ያውቃታል። እኔማ ታክሲ ነጂ ነኝና እንደ ዘመድ እየመጣች ትጠይቀኛለች።

ይህችን ወረቀት ስናገኝ የምናደርገውን ለዓመታት ታዝቤአለሁ። ከእኛ ሰው ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ «ነገር ምን ያደርግልኛል» ብሎ በዚያው ማታ ይከፍላል። ሁለተኛው ወረቀቷን ከዳሽቦርዱ ኪስ ይወረውራትና እንዳላያት ይሆናል። ሦስተኛው ወረቀቷን የጻፈውን ሰው መንገድ ላይ ይዞ ይጨቃጨቃል፤ ሲደክመው ሄዶ ይከፍላል። ቁጭ ብሎ አንብቧት፣ ጥፋቱ የራሱ ከሆነ የሚከፍል፣ ካልሆነ ደግሞ በሥርዓቱ የሚሟገት አራተኛ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ አራተኛው ሰው እንዲበዛ ነው።

በአገር ቤት ሳለሁ ደሴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ። የመምህር ነገር ሆኖብኝ አንድን ነገር ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ስለዚህ በመጀመሪያ ሳንቲም የምትበላው ብረት ከየት እንደመጣች ላውጋችሁ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። ከተማዋ ነዳጅ ከተገኘባት ወዲህ መኪና በዝቷል፤ መሐል ከተማው ግን ያው የድሮው ነው። በየቢሮውና በየሱቁ የሚሠሩት ሰዎች ጧት መጥተው መኪናቸውን ከደጃፍ ያቆሙና እስከ ማታ አይነቀንቋትም። ገበያተኛው ቦታ ፍለጋ ሲዞር ውሎ ሳይገዛ ይሄዳል።

የከተማው ንግድ ምክር ቤት የትራፊክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ካርል ማጊ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ማጊ ቀደም ሲል በኒው ሜክሲኮ ጋዜጣ ያዘጋጅ በነበረበት ጊዜ የአልበርት ፎልን ጉድ ለአደባባይ ካበቁት ሰዎች አንዱ ነው። ፎል ማለት የፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ሚኒስትር ሆኖ የመንግሥትን የነዳጅ መሬት በጉቦ ያከራየ፣ በኋላም «ቲፖት ዶም» በተባለው ቅሌት ወኅኒ የወረደ ሰው ነው። ልብ በሉልኝ፤ የፓርኪንግ ሜትርን ያሰበው ሰው ባለሥልጣን በመፎካከር ስሙ የታወቀ ሰው ነበር።

ማጊ ሐሳቡን ይዞ ወደ ኦክላሆማ የእርሻና መካኒክ ኮሌጅ ሄደ። እዚያ ሆልገር ቱሰንና ጀራልድ ሄል የሚባሉ ሁለት የምህንድስና ሰዎች ማሽኑን ሠሩለት። የመጀመሪያው ሜትር ሐምሌ ወር ውስጥ፣ ጁላይ 16 ቀን 1935፣ በኦክላሆማ ሲቲ ፈርስት መንገድና ሮቢንሰን ጎዳና ማዕዘን ላይ ተተከለ። ዋጋው ለአንድ ሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከ140,000 በላይ ሜትሮች ቆመው ነበር። ኒው ዮርክ በ1951፣ ለንደን በ1958 ተከተሉ። እኛ የምንነዳባት ሚኒያፖሊስም ከ2010 ጀምሮ የሳንቲሞቹን ሜትሮች እያነሣች፣ አንድ ማሽን ለብዙ መኪና በሚያገለግልበት ሥርዓት መተካት ጀመረች።

የአዲስ አበባን ታክሲ ተራ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሜትር ማለት የብረት ተራ አስከባሪ ነው። «አንተ ጠገብህ፣ አሁን ለሌላው ልቀቅ» ይላል። እኔ ለራሴ ሜትርን አልጠላውም። መንገዱ ሁሉ እስከ ማታ በቆሙ መኪኖች ቢሞላ ኖሮ ተሳፋሪዬን የት አወርድ ነበር?

እንግዲህ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሜትሩ ከተተከለ ከአንድ ወር ያህል በኋላ፣ በኦገስት 1935፣ ሲ. ኤች. ኖርዝ የሚባሉ አንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መኪናቸውን አቆሙ። ኪሳቸውን ቢዳብሱ ለማሽኑ የሚሆን ሳንቲም የለም። ዝርዝር ፍለጋ ወደ አንድ ግሮሰሪ ገቡ። ሲመለሱ ወረቀቷ ተሰክታ ጠበቀቻቸው። በሜትር ታሪክ የመጀመሪያው ተከሳሽ ናቸው ይባላል። ሰውየው ግን አልከፈሉም፤ ዳኛ ፊት ቀርበው «ሳንቲም ለመዘርዘር ሄጄ ነው» አሉ። ዳኛው ክሱን ሰረዘላቸው።

እንደ ታሪክ መምህር ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማሽኗ ወር ሳይሞላት ይሁን ሞልቷት፣ ክሱና ሙግቱ አብረው ነው የተወለዱት። መሟገት እኛ መጤዎች ያመጣነው ድፍረት አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ሜትር ጀምሮ የነበረ የዚህ አገር ወግ ነው።

ከዚያም ሙግቱ ከፍ ወዳለ ጥያቄ አደገ፤ ለመሆኑ መንገድ የማን ነው? መንገድ የሕዝብ ከሆነ ከተማ በምን ሥልጣን ያከራየዋል? የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 የማያሚ ሜትሮች ሕጋዊ ናቸው ሲል ፈረደ። በዓመቱ የአላባማው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በበርሚንግሃም ከተማ ላይ ፈረደ፤ ሜትሩ አይጸናም አለ። ጎረቤታችን በሰሜን ዳኮታ በ1948 ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ሕዝቡ ሜትርን ከለከለ። ከብዙ ክርክር በኋላ በአብዛኛው አገር የጸናው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከተማ ሜትር የሚተክለው የትራፊክን ሥርዓት ለማስከበር ከሆነ ይፈቀድለታል፤ ሜትሩ የገቢ ማግኛ ግብር ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል። ዛሬ ማሽን ላይ ካርዳችንን ስናስገባ ከጀርባው ይህን ያህል ሙግት አለ።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ሙግት አናውቅም» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ሰው የራሱን አገር ታሪክ ዘንግቷል። የእኛ አገር ሰው እንኳን መኪና በቆመበት፣ በአንድ ክንድ ድንበርም ዕድሜ ልኩን ይሟገት ነበር። በድሮው ሥርዓት ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆማል። በመንገድ የሚያልፍ ጨዋ ሰው ከተገኘ ይይዙትና «ዳኘን» ይሉታል፤ እሱም ሥራዬ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ ይሰማል። በዚያ ያልረካው ባላጋራ ነጠላውን ከባላጋራው ነጠላ ጋር አቆራኝቶ ወደ በላይ ዳኛ ይሄዳል። ይግባኙ እየወጣ እየወጣ አፈ ንጉሥ ዘንድ፣ ከዚያም ዙፋን ችሎት ድረስ ይደርስ ነበር። ተሟጋቹ ጫማ ያላደረገ ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ግን ቆሞ ያሰማል።

ከዚያ ዘመን የቀረልን አንድ ተረት አለ። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። በቅሎ ያን ጊዜ የመኳንንት መቀመጫ፣ የሰው ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት። ሰውየው የሚለው ዋጋውን አይደለም፤ እንዴት እንደሄደችበት ነው።

ታዲያ የዚህ ሕዝብ ልጆች አንዲት ወረቀት ፊት እንዴት ዝም አልን? የኔ ግምት ይህ ነው። እኛ ያደግንበት ዘመን ሌላ ነበር። በኛ ዕድሜ መኪና የነዳ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ ሲፈታ አይቷል። ፖሊሱ ብሎኑን ፈትቶ ታርጋውን ይዞ ሲሄድ ቅጣቱ በዚያው ሰዓት ተፈጽሟል፤ የቀረው ሄዶ መለመንና ከፍሎ ማስመለስ ብቻ ነው። ወይም መንጃ ፈቃዳችሁን ይወስዳል። ቅጣቱ ይቀድማል፣ ቃል መስጠቱ፣ ካለም፣ ይከተላል። ይህን የለመደ ዓይን የሚኒሶታዋንም ወረቀት እንደተፈታ ታርጋ ያያታል። ያለቀለት ነገር ይመስለዋል።

እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለችው ወረቀት ክስ ናት፤ ፍርድ አይደለችም። የሚኒሶታ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥፋት «ፔቲ ሚስዲሚነር» ይለዋል። ወንጀል አይባልም፤ እስራት የለበትም፤ የገንዘብ ቅጣቱም በሕጉ ከ300 ዶላር አያልፍም፤ የሜትር ቅጣት ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። በዚህ ደረጃ ላለ ነገር መንግሥት ነፃ ጠበቃ አያቆምላችሁም፤ በጁሪም አይታይም። ነገር ግን የፍርድ ቤቱ ደንብ ተከሳሹ ንጹሕ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ጥፋቱም እንደ ትልልቆቹ ጉዳዮች ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ለአንድ ሰዓት ፓርኪንግ እንኳን! እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ሲሰማ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርብለታል።

አንድ ነገር ግን ጠንቅቃችሁ ያዙ። ወረቀቷን ከከፈላችሁ ጥፋቴን አምኛለሁ እንዳላችሁ ይቆጠራል። «ልክፈልና በኋላ እሟገታለሁ» ማለት አይሠራም። ከፍሎ የሚሟገት ሰው በሩን ዘግቶ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።

አሁን የራሴን ላጫውታችሁ። ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለነገሩ አያስፈልግም። አንዲት አሮጊት እናታችንን ወደ ሐኪም አደረስኩ። ቋንቋ አይችሉምና «ልጄ አትተወኝ» ሲሉኝ ማሽኑ ላይ የአንድ ሰዓት ከፍዬ አብሬአቸው ገባሁ። በአርባ ደቂቃ ስመለስ ወረቀቷ ተሰክታለች። ደረሰኜን አውጥቼ ባየው የቆምኩበትን ቁጥር አሳስቼ የጎረቤቱን ቦታ ቁጥር ነክቻለሁ። ለባዶ ቦታ ከፍዬ የራሴን ሳልከፍል ቀርቻለሁ ማለት ነው።

ባለቤቴ «ሠላሳ ምናምን ዶላር ነው፤ ከፍለህ ተገላገል፤ የአንተ ሰዓት ዋጋ የለውም?» አለችኝ። ሒሳቧ ትክክል ነበር። እኔን ግን ጭብጦዋ ቆጨችኝ። ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ። የሚሰማችሁ መጀመሪያ ዳኛ አይደለም፤ «ሂሪንግ ኦፊሰር» የሚሉት የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ተብሎ ነው ነገሩ የሚያልቀው። እኔ እንደ አገራችን ተሟጋች ሐተታዬን ከአሮጊቷ በሽታ ጀመርኩ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችኝና ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ከፍለሃል ወይ፣ በስንት ሰዓት፣ ደረሰኙ የታል? ደረሰኙንና ወረቀቷን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። «ቁጥሩን ተሳስተሃል፤ ገንዘቡን ግን በሰዓቱ ከፍለሃል» ብላ ሰረዘችልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ይህ የልብ ልብ ሰጠኝና በቀጣዩ ክረምት ሌላ ወረቀት ሲመጣብኝ እንደገና ሄድኩ። የዚህኛው ጥፋት ሰባት ደቂቃ ማሳለፍ ነበር። ብርዱ አጥንት የሚሰብር የጥር ቀን ነው፤ ተቆጣጣሪው ሰዓቴ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር ብዬ ተከራከርኩ። ሰውየው «ሰዓቱ አልፎ ነበር ወይስ አላለፈም?» አለኝ። አልፎ ነበር። ተረታሁ፣ ከፈልኩ። ግን እመኑኝ፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት በቂም አልነበረም። ያቺ በቅሎዬ ነበረች፤ በሕግ ሄደች።

ሦስተኛው ታሪክ የኔ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን እሱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከመንግሥት የሚመጣ ፖስታ አይከፍትም ነበር። ፍርሃት ነው እንጂ ስንፍና አይደለም፤ ሰውየው በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ነው። አንድ ቀን ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደወለለትና ተደናግጦ የፖስታ ክምሩን ይዞልኝ መጣ። አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ከወረቀቶቹ አንዷ ስትገባን ሁለታችንም ዝም አልን። የተጻፈችው መኪናውን ከሸጠ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ገዢው ስሙን አላዛወረም፤ እሱም መሸጡን አላስታወቀም። የሽያጩ ወረቀት ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። በጊዜው ይዞት ቢቀርብ ኖሮ አንዲት ሳንቲም ባልከፈለ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ቅጣት በቅጣት ላይ ተጨምሮ ከመነሻው ብዙ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ እሱም ለልጁ ትምህርት ካስቀመጠው ላይ አውጥቶ ከፈለ። ባላቆማት መኪና!

ይህ ሰው ጥፋተኛ አልነበረም። ዝም ስላለ ብቻ ጥፋተኛ ሆነ።

ተራ ሰው በትንሽ ወረቀት ተነሥቶ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ደግሞ ከሚሺጋን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በሳጊኖ ከተማ አሊሰን ቴይለር የምትባል ሴት ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ አሥራ አምስት የፓርኪንግ ቲኬት ተጻፈባት። ተቆጣጣሪዋ መኪና ምን ያህል ሰዓት እንደቆመ ለማወቅ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርግ ነበር። ቴይለር «ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ንብረቴን መንካት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ፍተሻ ነው» ብላ ከተማውን ከሰሰች። የፌዴራሉ ስድስተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 በጠመኔ ምልክት ማድረግ ፍተሻ ነው አለ፤ በ2021ም ዳግመኛ ለእሷ ወሰነ። በ2022 ደግሞ ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሳን ዲዬጎ ጉዳይ የዚህን ተቃራኒ ፈረደ። ሚኒሶታ በሁለቱም ሥር አይደለችም። ቢሆንም ስንት ዓመት በጠመኔ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት የጠመኔ ጭረት ይህን ያህል የተማረ ዳኛ ስታከራክር ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

እንግዲህ ወረቀቷ ስትመጣ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ከቦታው ሳትነሡ አንብቧት። ታርጋው የናንተ ነው? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም ትክክል ነው? ቀጥሎ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ፤ ማሽኑን፣ የቦታውን ቁጥር፣ የቅርቡን ምልክት። ምልክቱ በበረዶ ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ከሆነ እንደተሸፈነ አንሡት፤ ነገ የበረዶው ምስክር ቀልጦ ይሄዳል። ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ የማሽኑን ቁጥርና መስኮቱ ላይ የሚያሳየውን ጽሑፍ ያዙ። ደረሰኝ አትጣሉ። በስልክ ከከፈላችሁም መዝገቡ እዚያው አለ።

ከዚያ ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ከቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስፍሩ። የሚኒያፖሊስ ወረቀት ወደ ሄኔፒን ካውንቲ፣ የሴንት ፖል ወደ ራምዚ ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ወንዙን ተሻግሮ ወደተሳሳተው ቢሮ ሄዶ የሥራ ቀኑን ያቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ሂሪንግ ኦፊሰሩ ፊት ስትቀርቡ ነገራችሁን አሳጥሩ፤ ማስረጃችሁ ይቅደም፣ ሐተታው ይከተል። ውሳኔው ካላረካችሁ ዳኛ ፊት ለመቅረብ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ገንዘቡ ካጠራችሁም ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ቀን ሳያልፍ የመጣን ሰው በየጊዜው እንዲከፍል ሊያደርጉለት ይችላሉ። መኪና ስትሸጡ ደግሞ መሸጡን በዚያው ሳምንት ለመንግሥት አስታውቁ። የባልደረባዬ ነገር ይበቃል።

ውሸት ይዛችሁ ግን አትሂዱ። ሰዓት አሳልፋችሁ ከሆነ ማሽኑ ያውቃል። አባቶቻችን ሙግት ይወዱ ነበር ስንል በሐሰት የሚምል ሰውንም ምን ያህል ይንቁ እንደነበር አንርሳ።

ያ ባልደረባዬ አሁን ፖስታውን በደረሰበት ቀን ይከፍታል። ያልገባውን ይዞ ወደኔ ይመጣል፤ እኔም የማላውቀውን ይዤ የሚያውቅ ፍለጋ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። አብረን አነበብናት። ጥፋቱ የእሱ ነበር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ አሳልፏል። «ይህችስ በቅሎ ናት» አለኝና ስልኩን አውጥቶ እዚያው ከፈለ።

ቸር ይግጠመን።